«21 ሳምንት ሞላቸው፣ ለምን አይጥሉም?» ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሌላውም ሰው እንዲገባው ባጭሩ ልድገመው፦ 9 ጫጩት በአንድ ቀን አስገባሽ፣ ዛሬ 21 ሳምንት ሆኗቸዋል። አራቱ ቀይ ቡናማ ናቸው፣ ከነሱ ሁለቱ መጣል ከጀመሩ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ግን በቁመትም ያንሳሉ፣ ገና ናቸው። ሁለት ገብስማ ኮይኮክ አሉ፣ አንዷ «አናቷ ቀልቶ ሊፈነዳ ደርሷል ግን እንቁላል የለም»። ሁለቱ እስከ ጣታቸው ላባ የለበሱ ትልልቅ ብራህማ ናቸው፣ «መብላት ብቻ ነው ስራቸው» ነው ያልሽው (አሳቅሽኝ)። አንዷ ደግሞ ነጭ ቀጭን፣ አጥር የምትዘልና ጠዋት ጠዋት የምትንጫጫ። ቶሎ እንዲጀምሩልሽ ብለሽ ከ10ኛው ሳምንት ጀምሮ የእንቁላል ጣይ መኖ እየሰጠሻቸው ነው፣ የጫጩትነታቸው አምፖልም እስከዛሬ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ሻጩ በ4 ወር ተኩል ይጥላሉ ብሎሽ ስለነበር ታመው ነው ወይስ ዘራቸው መጥፎ ነው፣ ልሽጣቸው ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትሽጪያቸው። ከጻፍሽው እንደማየው አልታመሙም፣ ዘራቸውም መጥፎ አይደለም። ችግሩ ዘጠኙንም በአንድ ሰዓት መለካትሽ ነው። ከዘጠኙ አንዷ ወንድ ናት ብዬ እጠረጥራለሁ፣ ነጯ ደግሞ ምናልባት ከጀመረች ቆይታለች፣ አንቺ አላገኘሽውም እንጂ። ብራህማዎቹ ጊዜያቸው ገና ነው። ሁለቱ ትንንሽ ቡናማዎች ግን ሲያድጉ የተጎዱ ናቸው፣ እነሱ ላይ ስራ አለብሽ። መኖውና መብራቱ ደግሞ ዛሬውኑ መስተካከል አለባቸው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ እድሜ። ቄብ እንቁላል የምትጀምረው 20 ሳምንት ስለሞላት አይደለም። ሰውነቷ ደርሻለሁ ሲል ነው የምትጀምረው፣ እሱን ደግሞ የሚወስኑት ዘሯ፣ ክብደቷና የምታየው የብርሃን ርዝመት ናቸው። ሻጩ የነገረሽ «4 ወር ተኩል» ውሸት አይደለም፣ ለቡናማዎቹ እውነት ነው፣ ያውም በደንብ ካደጉ። ለብራህማ ብሎት ከሆነ ግን ወይ አያውቅም ወይ ሊሸጥ ነው።

ከሦስቱ ሰው ሁሉ የሚረሳው ክብደቱን ነው። ጫጩት ስትፈለፈል ከ35 እስከ 40 ግራም ትመዝናለች፣ ቡናማዋ የእንቁላል ዘር 5ኛው ሳምንት ላይ የዚህን አስር እጥፍ ያህል ትሆናለች። እስቲ አስቢው፣ በአንድ ወር አስር እጥፍ! ያቺ የመጀመሪያ ወር ተኩል ነች ሁሉን የምትወስነው። አንጀቷ፣ ልቧ፣ የበሽታ መከላከያዋ የሚሰራው ያኔ ነው። ከ6ኛው ሳምንት በኋላ ዋናው ስራ አጥንትና ጡንቻ ነው፣ 12ኛው ወይ 13ኛው ሳምንት ላይ ስትደርስ የአጥንት አካሏ አብዛኛው አልቋል፣ ከዛ በኋላ ብትወፍር እንጂ አትረዝምም። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ የእንቁላል ማምረቻው አካል ራሱ የሚያድግባቸው ናቸው። ስለዚ በ6 ሳምንቷ ትንሽ የነበረችን ጫጩት በ16 ሳምንቷ ምርጥ መኖ አምጥተሽ ብትቆልዪባት አጥንቷን አትመልሺውም፣ ስብ ነው የምትጨምሪላት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ጫጩት እያሉ «ገና ናቸው ምን ያደርግላቸዋል» ብሎ ፉርሽካና ትርፍራፊ ይሰጥና እንቁላል መጠበቅ ሲጀምር ነው መኖ መግዛት ትዝ የሚለው። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው።

የነዚያ የሁለቱ ትንንሽ ቡናማዎች ነገር ይሄ ነው የሚመስለኝ። ብራህማ ከሚያክል ትልቅ ዘርና አንድ ወንድ ጋር በአንድ መመገቢያ አድገዋል፣ ዶሮ ደግሞ ደረጃ ያላት ፍጥረት ናት፣ ከላይ ያለችው ጠግባ እስክትሄድ ታችኛዋ ዳር ቆማ ታያለች። ቀን ቀን ታያታለሽ ትበላለች፣ ግን የምትበላው የተረፈውን ነው፣ ጥሩ ጥሩው ፍሬ ተለቅሞ አቧራው ነው የሚቀራት። ሌላም ሊሆን ይችላል፣ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነክቷቸው ከነበረ (ደም ያለው ኩስ፣ ላባ ነፍቶ መቆዘም አይተሽ ታውቂያለሽ?) አንጀታቸው ተጎድቶ እድገታቸው እዛው ቀርቶ ይሆናል። ትልም እንደዛው ነው።

ስለዚ መጀመሪያ የምትገዢው ወይ ከጎረቤት ተውሰሽ የምታመጪው ነገር የምታንጠለጥዪው ትንሽ ሚዛን ነው። ዶሮዋን ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ጭንቅላቷን አውጥተሽ ታስገቢያታለሽ፣ ትረጋጋለች፣ ጠዋት ሳይበሉ መዝኚያቸው፣ በየሳምንቱ በዛው ቀን። ቡናማዎቹ 18 ሳምንት ላይ 1.4 ወይ 1.5 ኪሎ አካባቢ መሆን ነበረባቸው፣ የሚጥሉት ሁለቱ አሁን ከዛ በላይ እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፣ ትንንሾቹ 1.2 ምናምን ከሆኑ መልሱ እጅሽ ላይ ነው ማለት ነው። ለይተሽ ለብቻ አብያቸው፣ ወይ ቢያንስ ሁለተኛና ሦስተኛ መመገቢያ ራቅ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ፣ አንዷ ሁለት ቦታ መጠበቅ አትችልም። ይደርሳሉ። ምናልባት 24ኛው ወይ 25ኛው ሳምንት ላይ፣ እንቁላላቸውም ለትንሽ ጊዜ አነስ ይላል፣ ግን ይደርሳሉ።

አሁን ወደ ዘሩ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ላውራ ምክንያቱም የጥያቄሽ ግማሽ መልስ እዚህ ነው።

ቡናማዎቹ (ሎህማን ብራውን፣ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉት ዓይነት) በትክክል ከተባለ ዘር አይደሉም፣ ድቅል ናቸው። ከኋላቸው ብዙውን ጊዜ ሮድ አይላንድ ሬድ ዓይነት ቀይ አባትና ነጭ ላባ ያላት እናት አሉ፣ ለዛም ነው በተፈለፈሉ ቀን በቀለም የሚለዩት፣ ሴቷ ቀይ ቡኒ፣ ወንዱ ነጣ ያለ ቢጫ። ከ18 እስከ 20 ሳምንት ይጀምራሉ፣ በመጀመሪያው የመጣል ዓመታቸው በጥሩ አያያዝ 300 እንቁላል ያህል ይሰጣሉ፣ መታቀፍ የሚባል ነገር ከውስጣቸው ወጥቷል ማለት ይቻላል። ከነሱ ጫጩት አስፈልፍለሽ እንደናታቸው ይሆናሉ ብለሽ ግን አትጠብቂ፣ ልጆቹ ይበታተናሉ፣ አንዱ እናቱን አንዱ አያቱን ይወጣል። ሌላው ነገር፣ እንቁላል ላይ ሰውነታቸውን ይጨርሳሉ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የእንቁላል መውረጃ ቱቦ ችግር የሚበዛባቸው እነሱ ናቸው።

ኮይኮክ የደቡብ አፍሪካ ዘር ነው፣ በ1950ዎቹ ፖቸፍስትሩም ላይ ከጥቁር አውስትራሎርፕ፣ ከነጭ ሌግሆርንና ከመስመራማው ፕሊማውዝ ሮክ የተገኘ። የሚገርመው ባህሪው ያ ጥቁርና ነጭ መስመር ከፆታ ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። መስመሩን የሚያመጣው ዘረመል ወንዱ ሁለት ሊይዝ ይችላል፣ ሴቷ ግን አንድ ብቻ ነው የምትይዘው፣ ስለዚህ ወንዱ ነጩ ይበዛበታል፣ ከሩቅ ስታዪው ግራጫ ነው የሚመስለው፣ ሴቷ ጠቆር ትላለች። ገና በተፈለፈሉ ቀን እንኳን ጭንቅላታቸው ላይ ያለው ነጭ ነጥብ የወንዱ ሰፊ፣ የሴቷ ትንሽ ነው። እስቲ አሁን ውጪና ሁለቱን ጎን ለጎን እያቸው። አናቷ ቀልቶ ሊፈነዳ ደርሷል ያልሻት ነጣ ያለችው ናት አይደል? ገምቼ ነው፣ ግን ብዙም አልሳሳትም።

ቀለሙ ካላሳመነሽ ወገቡ ላይ፣ ጭራው ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን ላባ ተመልከቺ። ከ12ኛው ሳምንት ወዲህ ወንዱ እዛ ቦታ ላይ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫፉ የሾለ፣ የሚያብረቀርቅ ላባ ወደ ጎን ይወርድለታል፣ የሴቷ ግን ጫፉ ክብ ነው። ይሄ ምልክት አይዋሽም። የአናት መቅላት ግን ለብቻው ይዋሻል፣ ወንድ ጫጩት ገና በ5 እና 6 ሳምንቱ መቅላት ሊጀምር ይችላል፣ ሴቷ ግን የምትቀላው ለመጣል ስትቃረብ ነው፣ ስለዚህ በ8 ሳምንት ቀልቶ የነበረ ከሆነ እሱ ያኔውኑ ስሙን ነግሮሽ ነበር። «ግን እኮ አይጮህም» ትዪኝ ይሆናል። አንዳንዱ ይዘገያል። በዛ ላይ ይሄም በዘር ይለያያል፣ ፋዩሚ የሚባለው የግብፅ ዘር ወንዱ በ6 ሳምንቱ አካባቢ ለመጮህ ይታገላል፣ ትልልቆቹ ዘሮች ደግሞ 4 እና 5 ወር ሆኗቸው ዝም ያሉ አሉ። በነገራችን ላይ እንቁላል ለማግኘት ወንድ አያስፈልግሽም፣ ወንድ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው። ይሄን የምለው ብዙ ሰው ወንዱ ሲወጣ እንቁላል ይቆማል ብሎ ስለሚፈራ ነው።

ሁለተኛዋ ገብስማ ደግሞ ኮይኮክ በጥሩ አያያዝ ከ5 ወር አካባቢ ጀምሮ ስለሚጀምር ጊዜዋ ነው፣ ዛሬ ነገ ናት።

ብራህማዎቹ! እነሱን ተያቸው በቃ። የአዋቂ ሴት ብራህማ ክብደት 4 ኪሎ አልፎ ይሄዳል፣ የሌግሆርን ሴት 2 ኪሎ አካባቢ ናት። ይሄን ሁሉ አጥንትና ስጋ ሳትሰራ እንቁላል የምትጀምርበት ምክንያት የላትም። ከ6 ወር ተኩል እስከ 8 ወር ጠብቂ፣ አንዳንዷ ከዛም ታልፋለች። ላባቸውም ሲበቅል ከቀላሎቹ ዘሮች እንደዘገየ አስተውለሽ ይሆናል፣ ሌላው ጫጩት ላባ ለብሶ እነሱ ገና ጀርባቸው ራቁቱን፣ ይሄም የከባድ ዘር ባህሪ ነው። ሌላ የሚያሳስት ነገር አላቸው፣ አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ እንደሌሎቹ እንደ መጋዝ ጥርስ የቆመ አይደለም፣ ሦስት ዝቅተኛ መስመር ያለው ትንሽ እብጠት ነው፣ ስለዚ «አናቷ አልቀላም» ብለሽ ስትጠብቂ ሳታዪው ይጀምራሉ። እኔ ራሴ ስራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲትን ብራህማ 29 ሳምንት ሞልቷት ባዶ ናት፣ መካን ናት ብዬ ለባለቤቷ በሙሉ ልብ ነገርኩ። ሰውየው ደግነቱ አልሰማኝም። ከአራት ሳምንት በኋላ እንቁላሉን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ምንም አላለኝም፣ አስቀምጦ ሄደ። ከዛ ወዲህ ስለ ብራህማ አልቸኩልም። ሲጀምሩም በሳምንት ሦስት አራት እንቁላል ነው፣ የቡናማዎቹን ያህል አትጠብቂባቸው፣ ግን ብርድ የሚችሉ ረጋ ያሉ ናቸው፣ መታቀፍም ይወዳሉ።

ለሌላ አንባቢ አንድ ሁለት ልጨምር፣ ኦርፒንግተንም እንደዚሁ ከባድ ስለሆነ ከ6 ወር በፊት አትጠብቁት። ሐር ላባዋ ሲልኪ ትንሽ ብትሆንም ትዘገያለች፣ 7 እና 8 ወር ትደርሳለች፣ ስለዚህ ትንሽ ሁሉ ቶሎ ይጀምራል የሚለው አይሰራም። አውስትራሎርፕ ከከባዶቹ መሀል ፈጠን ያለ ነው፣ በ1922 እና 1923 በተደረገ ውድድር ስድስት ሴቶች በ365 ቀን 1857 እንቁላል ጥለዋል፣ ያለ ተጨማሪ መብራት። አንገተ መላጣዎቹ ደግሞ አንገታቸውን መላጣ ያደረገው ዘረመል ላባቸውን ስለሚቀንስላቸው ሙቀት ላይ ከሌላው ይሻላሉ፣ በሽታ ይዟቸው ላባቸው የረገፈ እየመሰለው መድሃኒት የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም።

ነጯ ላይ ደርሰናል። ሌግሆርን ወይ የሌግሆርን ድቅል ናት፣ ስሟም ከጣሊያን ወደብ ከሊቮርኖ ነው የመጣው። ቅጥነቷ በሽታ አይደለም፣ አፈጣጠሯ ነው፣ የምትበላውን ወደ እንቁላል እንጂ ወደ ሥጋ አትቀይረውም። ድንጉጥ፣ በራሪ፣ ከሁሉ ቀድማ የምትጀምር። አሁን የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው፣ «ጠዋት ጠዋት አጥር ትዘልና ትንጫጫለች»። እህቴ፣ ዶሮ እንቁላል ጥላ ስትነሳ ነው እንደዛ የምትንጫጫው። በ21 ሳምንቷ ሌግሆርን ያልጀመረችበት ዕድል ትንሽ ነው፣ ከአጥሩ ወዲያ የሆነ ቁጥቋጦ ስር ጎጆ አላት። እንቁላሏ ነጭ ነው የሚሆነው፣ ጆሮዋ ላይ ያለው ክብ ቆዳ ነጭ ነው አይደል? ብዙውን ጊዜ ነጭ ጆሮ ነጭ እንቁላል፣ ቀይ ጆሮ ቡናማ እንቁላል ነው፣ ልዩ ሁኔታ ግን አለው፣ አራውካና የምትባለው ዘር ቀይ ጆሮ ይዛ ሰማያዊ እንቁላል ትጥላለች።

እሺ መኖ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። የጣይ መኖ ቶሎ አያስጀምርም፣ ቀድሞ መስጠት ይጎዳል እንጂ። ልዩነቱ ፕሮቲኑ አይደለም፣ የቄብ መኖም 15 ወይ 16 ከመቶ ፕሮቲን አለው፣ የጣይውም 16 ወይ 17 ነው። ልዩነቱ ካልሲየሙ ነው፣ የቄብ መኖ ላይ 1 ከመቶ አካባቢ የሆነው የጣይ መኖ ላይ ከ3.5 እስከ 4 ከመቶ ይደርሳል። እንቁላል የማትጥል ዶሮ ያን ሁሉ ካልሲየም የምታደርስበት ቦታ የላትም፣ በኩላሊቷ ነው የምታወጣው፣ ለወራት ሲደጋገም ኩላሊት ይጎዳል፣ ድንጋይ ይሰራል፣ አንዳንዷ ምንም ሳታሳይ ቆይታ እንቁላል በሞቀ ሰዓት ድንገት ትሞታለች። ላስፈራራሽ አይደለም፣ ብዙዎቹ ያልፉታል፣ ግን ውሃ ውሃ የሚል ነጭ ኩስና መክሳት ካየሽ ይሄን ለሐኪምሽ ንገሪው፣ ለምን እንደሆነ ቶሎ ይገባዋል።

ለወደፊቱ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፣ እስከ 6 ወይ 8 ሳምንት የጫጩት መኖ (ፕሮቲኑ 18 እስከ 20 ከመቶ)፣ ከዛ እስከ 17 ሳምንት አካባቢ የቄብ መኖ፣ የጣይ መኖ ደግሞ የመጀመሪያው እንቁላል ሲመጣ ወይ አናታቸው መቅላት ሲጀምር። ተፈጥሮም ራሷ ትዘጋጃለች፣ ቄብ ከመጀመሪያው እንቁላል ሁለት ሳምንት ገደማ ቀደም ብላ አጥንቷ ውስጥ የካልሲየም ጎተራ ትሰራለች፣ ምክንያቱም አንድ የእንቁላል ቅርፊት ብቻውን 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል።

አሁን ግን የጀመሩም ያልጀመሩም ወንድም አንድ ቤት ውስጥ ናቸው፣ ምን ታደርጊ? በጣም ቀላሉ ለሁሉም የቄብ መኖ አድርጊና የተፈጨ የባህር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወይ የኖራ ድንጋይ ጠጠር በሌላ ሳህን ለብቻው አስቀምጪ፣ ከመኖው ጋር አትቀላቅዪው። የሚጥሉት ፈልገው ይበሉታል፣ በተለይ ወደ ማታ፣ የማይጥሉት ዞር ብለው አያዩትም። ዶሮ የካልሲየም ፍላጎቷን ታውቃለች፣ አንቺ ብቻ አታስገድጃት። ሁሉም ሴቶች ሲጀምሩ ወደ ጣይ መኖ ትመለሻለሽ። ጥራጥሬና ትርፍራፊ ከቀን ምግባቸው ከአስር አንድ እጅ አይለፍ፣ ውሃ ደግሞ ከመኖው እጥፍ ያህል ይጠጣሉ፣ ለግማሽ ቀን ውሃ ያለቀበት ቤት የሚቀጥሉትን ቀናት እንቁላል ይከፍላል።

መብራቱን በተመለከተ፣ ያ አምፖል ለሙቀት ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዛ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነስሽ፣ ላባ ሲለብሱ፣ በ5 ወይ 6 ሳምንታቸው ስራው አልቋል። ከዛ በኋላ የቀረው ብርሃኑ ነው፣ ብርሃን ደግሞ ለዶሮ ሆርሞን ነው። በአይኗ ብቻ አይደለም የምታየው፣ ብርሃን የራስ ቅሏን አልፎ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለውን ክፍል ይነካል፣ ቀኑ ረዘመ የሚለው መልዕክት እንቁላል አስጀማሪ ነው። አጥንቷ ሳያልቅ ይሄ መልዕክት ከመጣ በቁመቷ ሳትደርስ ትጀምራለች፣ እንቁላሏ ትንሽ ይሆናል፣ የእንቁላል መውጫዋ ወደ ውጭ የመገልበጥ አደጋም አለ፣ ያን ጊዜ ሌሎቹ ቀዩን አይተው ይነክሷታል። በዛ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ብርሃን ማለት እንቅልፍ የለም ማለት ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ዶሮ ላባ ይነቃቀላል። የምታደርጊው ይሄ ነው፣ ታይመር ካለሽ ፀሐዩን ጨምሮ 15 ወይ 16 ሰዓት ላይ አቁሚው፣ የምትጨምሪውን ሰዓት ደግሞ ወደ ንጋት አድርጊው እንጂ ወደ ማታ አታድርጊው፣ ማታ በድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ይይዛቸዋል። አንዴ ከጀመሩ በኋላ የብርሃኑን ርዝመት ወዲያ ወዲህ አታድርጊው፣ ሲያጥር ቆመው ላባ መቀየር ሊጀምሩ ይችላሉ። አምፖሉም ደማቅ አይሁን።

ልትጀምር መሆኗን በምን ላውቅ ላልሽው፣ ከሁሉ የማምነው እጄን ነው። ማታ ቆጥ ላይ ሳለች ያዣት፣ ከእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ ሁለት ሹል አጥንቶች ይዳሰሱሻል። በመሀላቸው አንድ ጣት ብቻ የሚገባ ከሆነ ገና ናት፣ ሁለት ጣት ከሆነ ተቃርባለች፣ ሦስት ሲሆን እየጣለች ነው። ነጯን በዚህ ፈትሻትና ከዛ ተከራከሪኝ። ሌላው ምልክት ስትቀርቢያት ክንፏን ከፈት አድርጋ መሬት ላይ ዝቅ ማለቷ ነው፣ ይሄን ካደረገች ብዙ ቀን አይቀራትም። መጣያ ሳጥን ውስጥ እየገባች ጉዝጓዙን መቧጨር፣ ብዙ መብላትም አለ።

የጀመሩት ሁለቱ ደግሞ «አንድ ቀን ይጥላሉ አንድ ቀን ይዘላሉ፣ አንዴ ቅርፊት የሌለው ጣለች» ያልሽው የጀማሪ ነገር ነው። አንድ እንቁላል ለመሰራት ከ24 እስከ 26 ሰዓት ይፈጃል፣ ከዚያ ውስጥ 20 ሰዓት ያህሉ ቅርፊቱ ነው፣ ስለዚህ የምትጥልበት ሰዓት በየቀኑ ወደ ኋላ ይገፋና በሆነ ቀን ይዘለላል። የጀማሪ እንቁላል 45 ግራም ምናምን ነው፣ ሁለት አስኳል ያለው፣ አስኳል የሌለው፣ ለስላሳው፣ የደም ጭረት ያለበት፣ ሁሉም ይመጣል፣ እስከ አንድ ወር ድረስ አያሳስብሽ።

የሚያሳስበኝ መቼ ነው? ቡናማ ሆና፣ ክብደቷ ሞልቶ፣ አናቷ ቀልቶ፣ አጥንቷ ተከፍቶ 27 እና 28 ሳምንት ላይ ምንም ከሌለ። እንዲህ ያለችዋ አንዳንዴ ጫጩት እያለች ኢንፌክሽየስ ብሮንካይተስ የሚባል የመተንፈሻ በሽታ ይዟት የእንቁላል ቱቦዋ ተበላሽቶ የቀረ ናት፣ ስታያት ጣይ ትመስላለች፣ ሳጥን ውስጥም ትቀመጣለች፣ እንቁላል ግን የለም፣ መድሃኒትም የለውም። ብራህማዎቹን በተመለከተ ከ36 ሳምንት በፊት ባትጽፊልኝ ደስ ይለኛል :) ክትባታቸውን በተለይ የፈንግልን ግን ጊዜው ካለፈ ሐኪምሽን ጠይቂ፣ እሱ ከገባ የእድሜ ጥያቄ አይኖርሽም።

ነጯን እንዲህ አድርጊ፦ ለአንድ ሳምንት ያህል እስከ ጠዋቱ 5 ሰዓት ድረስ አትልቀቂያት፣ አብዛኛው እንቁላል የሚጣለው ከዛ በፊት ነው፣ መጣያ ሳጥኑ ውስጥ የውሸት እንቁላል ወይ ነጭ ለስላሳ ድንጋይ አስቀምጪላት፣ ሳጥኑ ጨለም ያለ፣ ከቆጡ ዝቅ ያለ ይሁን፣ አለበለዚያ ሳጥኑ ውስጥ ያድሩበታል። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ነጭ እንቁላል ካላገኘሽ ተሳስቻለሁ። ከአጥሩ ወዲያ የድሮውን ጎጆ ስታገኚው ደግሞ ሁሉንም ውሃ ውስጥ ክተቺው፣ የተንሳፈፈውን ጣዪው፣ የሰጠመውንም ለብቻ ሳህን ላይ ሰብረሽ ሳታዪው ወደ ድስት እንዳታስገቢው።